ሐሙስ ዕለት የዳነችው እህት

ስሜ ትዕግሥት ነው። ይህን ስም ያወጡልኝ ሰዎች ገና አራስ ሳለሁ ስለሆነ አልፈርድባቸውም፤ ትንሽ ቢጠብቁ ኖሮ ሌላ ስም ይፈልጉ ነበር። ዕድሜዬ አርባን አልፏል። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነኝ። አላገባሁም፤ ለምን እንዳላገባሁ አንድ ጊዜ የጠየቀኝ ሰው ሁለተኛ አይጠይቀኝም። ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ቀጥዬ የማወራው ነገር የደረሰው በእንዲህ ዓይነቷ ሴት ላይ መሆኑን እንድታውቁልኝ ነው።

ተወልጄ ያደግሁት ካዛንቺስ ነው። በግቢያችን ውስጥ ብዙ ቤተሰብ ይኖር ነበር፤ አንድ ቧንቧ፣ አንድ የልብስ ማስጫ ገመድ፣ አንድ መግቢያ በር። ከሁሉም ጋር ተጣልቼ አውቃለሁ። አንሶላዬን ገፍቶ ሱሪውን ያሰጣ፣ ሬዲዮ ያስጮኸ፣ ስወጣ «ወዴት ነው?» ስገባ «ከየት ነው?» ያለ፣ ሁሉም ከእኔ አፍ የድርሻውን አግኝቷል። አንድ ሌሊት ትንሽ ስላሳለኝ ብቻ ጠዋት በሬ ላይ አጥሚት የያዘ ሰው ተሰልፎ ቢጠብቀኝ፣ «በዚህ ግቢ ሰው ሳል እንኳ የራሱ የለውም?» ብዬ ጮኼባቸዋለሁ። አጥሚቱን ግን ጠጣሁት።

ከዚያ ሰፈሩ ፈረሰ። ግማሹ ጎረቤት በከተማው አንዱ ዳር፣ ግማሹ በሌላው ዳር ቤት ደረሰው። እኔ ለሥራዬ እንዲቀርበኝ ብዬ ቡልጋሪያ በሚባለው ሰፈር፣ አንድ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። የፎቁ በሮች በሙሉ ብረት ናቸው። ጎረቤቶቼ ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ «ሃይ» ይሉኛል፤ ከዚያ ብረቱ ይዘጋል። የመጀመሪያውን ወር «እፎይ፣ ሰላም አገኘሁ» አልኩ። በሁለተኛው ወር «እፎይ» የምልለት ሰው አማረኝ።

ታይፎይድ የያዘኝ በዚህ መሀል ነው። ክሊኒክ ሄጄ፣ ደም ሰጥቼ፣ መድኃኒቴን ይዤ ተመልሼ ተኛሁ። ሁለት ሳምንት። ለማንም አልነገርኩም፤ እኔ ባደግሁበት ግቢ መታመም አይነገርም፣ ይታወቃል። በብረት በር ውስጥ ግን ምንም አይታወቅም። ከመሥሪያ ቤት አንድ ጊዜ ተደወለልኝ፤ የማኅተሙ መሳቢያ ቁልፍ የት እንዳለ ለመጠየቅ። ነገርኳቸው። «እሺ፣ ቻው» አሉኝ። ሬዲዮ ላይ ጋዜጠኛዋ «ውድ አድማጮቻችን፣ እንዴት ዋላችሁ?» ስትል፣ «ኧረ ተኝቻለሁ» ብዬ መለስኩላት። መልሴን ሳትሰማ ወደ ማስታወቂያ ሄደች።

ያ ሁሉ ትኩሳትና ላብ አልነበረም ያስጨነቀኝ። «እግዚአብሔር ይማርሽ» የሚለኝ አንድ ሰው ማጣቴ ነው። ይህን ቃል በዕድሜዬ ሙሉ እንደ ቧንቧ ውኃ ስሰማው ኖሬያለሁ፤ ሲቋረጥብኝ ጠማኝ። ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ፣ ብሞት በሩን ስንት ቀን ቆይተው እንደሚሰብሩት አስብ ነበር። ብረት ስለሆነ ለመስበርም ያደክማቸዋል ብዬ አዘንኩላቸው።

ሐሙስ ሌሊት ትኩሳቱ ለቀቀኝ። እሑድ ጠዋት ለባብሼ፣ ፊቴ ላይ ቅባት ቢጤ ለቅልቄ፣ ሰፈሬ የነበረበትን ቦታ ለማየት ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር «ዳንኩ እኮ» ብዬ የምነግረው ሰው ፍለጋ ነበር። ታክሲው ቂርቆስ ጋ ሲደርስ ራሴን አዞረኝና «ወራጅ አለ» ብዬ ወረድኩ። ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል። ግድግዳ እየተደገፍኩ ጥቂት እንደሄድኩ አንድ ትልቅ የግቢ በር ተከፍቶ አየሁ። በበሩ ላይ የተጻፈ ነገር ነበር፤ አላነበብኩትም። እኔ ያየሁት ውስጥ የተደረደረውን ወንበር ነው።

በሩ ላይ የቆሙ አንዲት ደልዳላ ሴት፣ ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ደረታቸው ላይ ትንሽ ጥብጣብ የሰኩ፣ እንዳዩኝ እጃቸውን ዘርግተው አቀፉኝ። እንዲያው ዝም ብለው። ስትታቀፉ ያለቀሳችሁ እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ እኔም ዓይኔ እርጥብ አለ።

«እንኳን ደህና መጣሽ የኔ እህት። ስንጠብቅሽ ነበር» አሉኝ።

«እኔን?» አልኩ።

«አንቺን» አሉና ክንዴን ይዘው ወደ አዳራሹ አስገቡኝ። በኋላ እንደተረዳሁት ለገባ ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው የሚሉት። ስማቸው ወይዘሮ ጸዳለ ነው። ከኋላ ቦታ ስላልነበረ ወስደው ፊት ለፊት፣ መጀመሪያው ረድፍ ላይ አስቀመጡኝና ራሳቸውም አጠገቤ ቁጭ አሉ። ቀና ስል ካባ የለበሱ መዘምራን፣ አንድ ኦርጋን፣ አንድ መስቀል። የጴንጤ ቤት መሆኑ ያኔ ገባኝ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ልነሳ አስቤ ነበር፤ ጉልበቴ አልተስማማም።

ሁለት መዝሙር ከተዘመረ በኋላ ወደ ወይዘሮ ጸዳለ ጠጋ ብዬ፣ «ሰባኪው መቼ ነው የሚመጣው?» አልኳቸው።

«ቄሱ? ያውልሽ፣ ገመዱን የሚያስተካክሉት» አሉኝ።

«ቄስ» ሲሉ ደነገጥኩ። የሚያመለክቱኝ ጥቁር ሱፍ የለበሱ፣ ጥምጥም የሌላቸው፣ ጎንበስ ብለው ከድምፅ ማጉያ ገመድ ጋር የሚታገሉ ሰው ናቸው። እኔ የመብራት ሠራተኛ መስለውኝ ነበር። ምን ዓይነት ቄስ ናቸው ብዬ ገና ሳስብ፣ ቀና ብለው አዩኝና ፈገግ እያሉ ወደ እኔ መጡ። «አዲስ እንግዳ አለችን፤ እንኳን ደህና መጣሽ» ብለው ቀኝ እጃቸውን ወደ እኔ ሲዘረጉ፣ ምን ልበላችሁ፣ የአርባ ዓመት ልማድ ነው። ቄስ እጁን ሲዘረጋ ጎንበስ ብዬ መስቀል እሳለማለሁ። ጎንበስ ብዬ ተሳለምኩ። በእጃቸው የነበረው ግን መስቀል አልነበረም፤ ማይክሮፎኑ ነው።

ከንፈሬ ማይክሮፎኑን ሲነካ «ጧ» የሚል ድምፅ በአዳራሹ ዙሪያ ካሉት ድምፅ ማጉያዎች ሁሉ ወጣ። ከኋላ የተቀመጡ ሰዎች ምን እንደሆነ ሳያውቁ «አሜን» አሉ።

ቄሱ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ትከሻዬን ቸብ አድርገውኝ ተመለሱ። እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ጉልበቴ ትንሽ ሲጠናልኝ ለመውጣት ወስኜ ቦርሳዬን ጨበጥኩ። ያኔ ነው ወይዘሮ ጸዳለ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከአንድ ሰው አፍ ለመስማት የናፈቅሁትን ጥያቄ የጠየቁኝ።

«የኔ እህት፣ ድነሻል?»

ልቤ ቅልጥ አለ። ከየት አወቁ? ፊቴ ገርጥቶ ይሆናል፤ ስገባ ስንቀጠቀጥ አይተውኝ ይሆናል። ከሁሉም በላይ ግን፣ ጠየቁኝ። ቦርሳዬን ለቀቅሁት።

«አዎ፣ ድኛለሁ» አልኳቸው፣ እንባዬ እየቀደመኝ።

«ክብር ለስሙ ይሁን። መቼ?»

«ሐሙስ ዕለት።»

«የዛሬ ሳምንት ሐሙስ?»

«የለም፣ አሁን ያለፈው ሐሙስ። ማለቴ፣ ከማክሰኞ ጀምሮ እየተሻለኝ ነበር፤ ጨርሶ የለቀቀኝ ግን ሐሙስ ሌሊት ነው።»

ወይዘሮ ጸዳለ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «ለቀቀሽ?»

«ለቀቀኝ። ሌሊቱን በሙሉ ሲያንቀጠቅጠኝ አደረ፤ ከዚያ በላብ ወጣልኝ። ጠዋት ስነቃ ሰውነቴ ቅልል ብሏል።»

«የማይሆን ነገር የለም» አሉ፣ እጄን ጥብቅ አድርገው ይዘው። «ማን ነበር አብሮሽ?»

«ማንም። ብቻዬን፣ አልጋዬ ላይ።»

«ብቻሽን…» ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ስለ ነገሩስ ማን ነገረሽ?»

«አንድ ዶክተር ናቸው።»

«አዎ፣ ዛሬ የተማሩ አገልጋዮች ሞልተዋል። ግን ያ ነገር እንዴት ገባብሽ?»

«እርግጠኛ አይደለሁም፤ በሰላጣ ይመስለኛል።»

እዚህ ላይ ትንሽ አሰቡ። ፊታቸው ላይ ሐሳቡ ወዲያና ወዲህ ሲል ይታየኝ ነበር። በመጨረሻ ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «ጠላት መግቢያ መች ያጣል» አሉኝ። እኔ ደግሞ «ጠላት» ሲሉ ሰላጣውን የሸጠልኝን ምግብ ቤት መስሎኝ «እኔም እሱን ነው የምለው» አልኳቸው።

ብድግ ብለው ወደ መድረኩ ሄዱና ለመርሐ ግብር መሪው አንድ ነገር ሹክ አሏቸው። መሪው ጋሽ ኤርሲዶ የሚባሉ፣ ከከምባታ የመጡ፣ ረዥም፣ ድምፃቸው ማይክሮፎን የማይፈልግ የቤተ ክርስቲያኒቱ ሽማግሌ ናቸው። ማይክሮፎኑንም ያዙት።

«ወገኖቼ፣ ዛሬ ትልቅ ደስታ አለን። በዚህ ባሳለፍነው ሐሙስ፣ ብቻዋን፣ አልጋዋ ላይ ሆና የዳነች እህት በመካከላችን አለች።»

አዳራሹ በጭብጨባና በእልልታ ተናጋ። ሰው ቆሞ ያጨበጭባል። መዘምራኑ አንድ አጭር መዝሙር ጣል አደረጉ። አንዲት እናት ከኋላ ድረስ መጥተው ሳሙኝና ተመለሱ። እኔ ምን አሰብኩ መሰላችሁ? እነዚህ ሰዎች ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው ብዬ አሰብኩ። ለማያውቋት ሴት ታይፎይድ እንዲህ የሚደሰቱ ከሆነ፣ ለካንሰር ምን ሊያደርጉ ነው? ከሰፈሬ ከወጣሁ ጀምሮ እንደዚያ ቀን ሰው ሆኜ አላውቅም። ከዚህ ቤት ማንም እንዳያስወጣኝ ብዬ ተመኘሁ።

«እህታችን መጥታ ምስክርነቷን ትስጠን» አሉ ጋሽ ኤርሲዶ።

ምስክርነት እኔ የማውቀው ፍርድ ቤት ነው። ቢሆንም ወጣሁ፤ ለእንዲህ ያሉ ሰዎች የማላደርገው አልነበረም። ማይክሮፎኑን ሰጡኝ። ከዚህች ማይክሮፎን ጋር ቀደም ብለን ተዋውቀናል።

«በመጀመሪያ ስለ አቀባበላችሁ አመሰግናለሁ» አልኩ። «አሜን» አለ አዳራሹ። «ሁለት ሳምንት በጣም ተሠቃይቼ ነበር።» «ኦ ጌታ» አሉ። «ምግብ አልበላ አለኝ፤ ውኃ እንኳ ይመልሰኝ ነበር። ጭንቅላቴን ለሁለት የሚከፍለው ነገር መጥቶ ይቀመጥብኛል።» «በስሙ» አለ አንድ ሰው ከግራ በኩል። «ሐሙስ ሌሊት ግን ሄደ።» እልልታ። እየሞቀኝ መጣ። በሥራ ቦታዬ እንኳ ማንም እንዲህ ሰምቶኝ አያውቅም። «ታዲያ ምክሬን ልንገራችሁ፤ ክኒኑን ሳታቋርጡ መጨረስ አለባችሁ።»

«አሜን» የሚለው ድምፅ ቀነስ አለ።

«ብዙ ሰው ትንሽ ሲሻለው ያቋርጠዋል። ከምግብ በፊት ነው የሚወሰደው፤ እኔ አንድ ቀን ከምግብ በኋላ ወስጄው ዋጋዬን አግኝቻለሁ።»

ጋሽ ኤርሲዶ ከጎኔ ጎንበስ ብለው፣ ለሰው ሁሉ በሚሰማ ሹክሹክታ፣ «እህቴ፣ ክኒኑ የምን ምሳሌ ነው?» አሉኝ።

«ምሳሌ አይደለም» አልኳቸው። «ክኒን ነው።»

«እኮ፣ በመንፈሳዊ…»

«በአፍ የሚወሰድ። ጋሼ፣ ታይፎይድ እኮ ነው የያዘኝ።»

ከመዘምራኑ መካከል አንዲት ልጅ ካባዋን አፏ ውስጥ ስትከት አየሁ። ወይዘሮ ጸዳለን ብፈልጋቸው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነዋል፤ ትከሻቸው ይርገፈገፋል። ያኔ የአክስቴ ልጅ ትዝ አለኝ። ጴንጤ በሆነ ሰሞን ቤታችን መጥቶ «እኔ ድኛለሁ» ሲል፣ «ምን ሆነህ ነበር?» ብዬ ጠይቄው ቤተሰቡ በሙሉ ስቆብኝ ነበር። ድነሻል ማለት፣ ነፍስሽ ድናለች ወይ ማለት ነው። እኔ ስለ ነፍሴ እየተጠየቅሁ መሆኑን ሳላውቅ ስለ ሰላጣ አወራሁ።

አዳራሹ ፈነዳ። ሰው ወንበር ላይ ተንከባለለ። ጋሽ ኤርሲዶ እንኳ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ግድግዳውን ያዙ። ማንም በክፋት አልሳቀም፣ ይህን ዛሬ አውቃለሁ፤ ያኔ ግን የሰማሁት ከዚያ ሙቀት ውስጥ ወደ ብረት በሬ የሚመልሰኝን ድምፅ ነው። ያጨበጨቡት ለእኔ አልነበረም። ለሌላ ሴት ነው፤ ሐሙስ ዕለት ለዳነች፣ ለማላውቃት ሴት። እኔን አሁንም የጠየቀኝ የለም።

ደሜ ፈላ። ስሜን ያወጡልኝ ሰዎች ያላዩት ጠባዬ ከነሙሉ ክብሩ መጣ።

«ምንድን ነው የሚያስቃችሁ?» አልኩ። ማይክሮፎኑ በእጄ እንዳለ ረስቼዋለሁ። «ሰው ታሞ ያስቃል? ሁለት ሳምንት በሬን ያንኳኳ ሰው የለም። ብሞት ማን ያውቅ ነበር? ብርቱካን አላማረኝም፤ አጥሚት አላማረኝም። አንድ ሰው እግዚአብሔር ይማርሽ ብሎኝ ቢሆን ምን ነበረበት?»

ድምፄ በማጉያዎቹ ዞሮ ተመልሶ ወደ እኔ መጣ። ሳቁ ጠፋ። ማይክሮፎኑን ለጋሽ ኤርሲዶ ሰጥቼ መድረኩን ልወርድ ስል፣ ከኋላ አካባቢ አንድ የሽማግሌ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ «እግዚአብሔር ይማርሽ ልጄ» አለ።

ቆምኩ። ቀጥሎ አንዲት ሴት፣ «እግዚአብሔር ይማርሽ» አለች። ከዚያ ረድፉ፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ቄሱም፣ መዘምራኑም፣ ያቺ ካባዋን የበላችው ልጅም። እንደ ዝማሬ አልነበረም፤ እያንዳንዱ በራሱ ጊዜ፣ የታመመ ሰው ቤት ገብቶ እንደሚለው፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ነው ያለው። ለዚህ የሚመለሰውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። «ያኑራችሁ» አልኩ።

ከአምልኮው በኋላ ሹልክ ብዬ ልወጣ ነበር፤ ወይዘሮ ጸዳለ በሩ ላይ ጠበቁኝ። በእንግዶች ክፍል ሻይና ዳቦ አቀረቡልኝ። ቄሱም መጡ። ቄስ ኤልያስ ይባላሉ።

«አዋርጄአችኋለሁ» አልኳቸው። «ሁለተኛ አልመጣም። ለነገሩ የእኔ ቦታም አይደለም፤ እኔ እንደ እናንተ አይደለሁም።»

«እኛ ሉተራን ነን» አሉኝ ረጋ ብለው።

ሁለት ሳምንት የመድኃኒት ስም ብቻ ሳነብ ከርሜ ስለነበር፣ ሉተራን የቤተ ክርስቲያናቸው ዓይነት መሆኑ አልገባኝም። «ለእኔ የታዘዘልኝ ሌላ ነው» አልኳቸው።

ቄስ ኤልያስ ሻያቸው ትን አላቸው። ወይዘሮ ጸዳለ ጀርባቸውን መቱላቸው። ሲረጋጉ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉኝ። «ሐሙስ ሌሊት ትኩሳቱ ሲለቅሽ አንቺ ምን ታደርጊ ነበር?»

«ምን አደርጋለሁ? ተኝቼ ነበር።»

«ምንም አላደረግሽም?»

«አባ፣ መቀመጥ አልችልም ነበር እኮ።»

«እንግዲህ ከመድረክ ላይ ያስተማርሽን እሱን ነው» አሉ። «ሰው ራሱን አያድንም፤ ተኝቶ ሳለ ነው የሚድነው። እኔ ይህንን ለማስረዳት አንድ ሰዓት እሰብካለሁ። አንቺ በሰላጣ ጨረስሽው።»

ሳቅሁ። ግን ውሳኔዬን አልቀየርኩም፤ አልመለስም። ሰው የሳቀብኝ ቦታ ሁለተኛ ረግጬ አላውቅም። ወይዘሮ ጸዳለ ቤቴ የት እንደሆነ ሲጠይቁኝ የነገርኳቸው ስለደከመኝ ብቻ ነው።

ማክሰኞ ከሥራ ተመልሼ ጫማዬን ሳወልቅ በሩ ተንኳኳ። ከገባሁ ጀምሮ ያ በር ተንኳክቶ ስለማያውቅ መጀመሪያ የሌላ ሰው መሰለኝ። ከፈትኩት። ኮሪደሩ በሰው ተሞልቷል። ወይዘሮ ጸዳለ ብርቱካን፣ አንዷ እናት በፔርሙዝ አጥሚት፣ መዘምራን፣ ጋሽ ኤርሲዶ በሙሉ ሱፍ።

«እግዚአብሔር ይማርሽ» አሉ ወይዘሮ ጸዳለ።

«ድኛለሁ እኮ» አልኳቸው።

«እናውቃለን። ዘግይተናል፤ ይቅር በይን» ብለው ገቡ።

ቤቴ ውስጥ አንድ ወንበርና አንድ አልጋ ነው ያለው። ጋሽ ኤርሲዶ ሳያማክሩኝ ወጥተው የትይዩውን ብረት በር በቡጢ ደበደቡ። የዚያ ቤት ሰው ብሩክ ይባላል፤ ባንክ የሚሠራ ወጣት ነው፤ ደረጃ ላይ «ሃይ» ከሚሉኝ አንዱ። «ልጄ፣ ወንበር አላችሁ?» ሲሉት ሰማሁ። ብሩክ ያለውን ወንበር ሁሉ አወጣ። ሌሎቹም በሮች ተከፈቱ፤ ከእያንዳንዱ ወንበር ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ብሩክ ጥቁር ኮት ለብሶ፣ አንገቱን ደፍቶ ገባና ጥግ ላይ ቁጭ አለ። ከእሱ ኋላ የላይኛው ፎቅ ሴትዮ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ።

ብሩክ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ነፍስ ይማር» አለ። «ማን ናቸው… ማለቴ፣ አባትሽ ናቸው?»

«ማንም አልሞተም» አልኩት።

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ሰው?»

«ታምሜ ነበር። ድኜ ነው።»

«መቼ ዳንሽ?»

«ሐሙስ ዕለት» አሉ መዘምራኑ በአንድ ድምፅ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመግለጽ ያስቸግረኛል። የላይኛው ፎቅ ሴትዮ ነጠላቸውን እያስተካከሉ እስኪያልባቸው ሳቁ። ብሩክ ኮቱን አወለቀ። ሁሉም ሲበላና ሲጠጣ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ስታስዪ እሰማሽ ነበር» አለኝ። «ላንኳኳ አልኩና፣ በቃ፣ ፈራሁ። ቁጡ ናት ይሉሻል።»

«ማን ነው የሚለው?»

«ፎቁ።»

ልቆጣው አስቤ ነበር፤ ልክ ስለሆነ ተውኩት። ጋሽ ኤርሲዶ አጭር ጸሎት አደረጉ፤ መዘምራኑ ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ መዝሙር ዘመሩ፤ የመጣው ሰው ሁሉ ሲሄድ የጎረቤት ወንበሮች እኔ ቤት ቀሩ። ለመመለስ እያንዳንዱን በር ማንኳኳት ነበረብኝ። አንኳኳሁ።

በሚቀጥለው እሑድ ሄድኩ። ጋሽ ኤርሲዶ የበሽተኛ ጠያቂዎች ቡድን ውስጥ አስገቡኝ። «ባልተጠየቀ በሽተኛ ምክንያት የምትቆጣ ሰው ነው ያጣነው» አሉኝ። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን በሙሉ በገመድና በሬዲዮ ያባከንኩትን ቁጣ ለመጀመሪያ ጊዜ በቦታው አዋልኩት። አሁን ከመሃከላችን አንድ ሰው ታሞ ሳይጠየቅ ቢቀር ከእኔ ጋር ነው የሚተያየው፤ ቄስ ኤልያስን ጨምሮ።

የድሮ ጎረቤቶቼ ይህን ሲሰሙ «ጴንጤ ሆንሽ እንዴ?» ይሉኛል። አዎ፣ ሆንኩ። የአባልነት ትምህርቱን ጨርሼ በጉባኤው ፊት ቆሜያለሁ፤ ትክክለኛው ጥያቄ ሲቀርብልኝም በትክክል መልሻለሁ፤ ምንም እንኳ መዘምራኑ ስለ ሰላጣ እንዳነሳ እየጠበቁ ቢሆንም። እናንተን ግን ወዲህ ኑ፣ ወዲያ ሂዱ አልላችሁም፤ የየራሳችሁን ታውቃላችሁ። እኔ የምላችሁ ይህን ብቻ ነው፦ ሰው ቤት የሚኖረው የሚያውቁት ሰዎች ባሉበት ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ሰፈሬ ሲፈርስም ቤት የሚባል ነገር ለእኔ አብሮ የፈረሰ መስሎኝ ነበር። ተሳስቻለሁ። የማያውቁኝ ሰዎች ዘግይተው መጥተው ይቅርታ ጠየቁኝ፤ ቤቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቆመ። እናንተም በግድግዳችሁ ማዶ ሲያስል የምትሰሙት ሰው ካለ፣ ቁጡም ቢሆን፣ አንኳኩ።

ባለፈው ሳምንት ሜክሲኮ አካባቢ አንዲት የማናውቃት ሴት ታማ ብቻዋን ተኝታለች ሲሉ ሰምቼ ሄድኩ። ፎቅ ላይ ነው። በሯን ከፈተችው፣ ግን ሰንሰለቱን አልፈታችም፤ በቀጭኗ ክፍተት አንድ ዓይኗ ብቻ ይታየኛል።

«ማን ልበል?» አለችኝ።

«ትዕግሥት ነኝ።»

«አላውቅሽም።»

«እኔም አላውቅሽም» አልኳት። «ታማለች ሲሉ ሰምቼ ነው። እግዚአብሔር ይማርሽ።»

ከየት እንደመጣሁ አልነገርኳት፣ እሷም አልጠየቀችኝ። ዓይኗ ሲሞላ አየሁ። ከዚያ በሩን መለስ አደረገችና ሰንሰለቱን ፈታችው።